ከአንዱ ክሩዝ ወደ ሌላው፦ የቅያሬው ቀን ምን ይዞ ይመጣል?

በአንድ የክሩዝ፣ ማለትም የባሕር ሽርሽር፣ መርከብ ላይ ሁለት ጉዞ አከታትሎ መያዝ፣ በክሩዝ ሰዎች አጠራር ባክ ቱ ባክ፣ ሲያዩት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እሁድ ያልቃል፣ ሁለተኛው በዚያው እሁድ ይጀምራል፤ መርከቡ ያው፣ ካቢኑም ያው። አሜሪካ ያለ ልጅ ሐዋሳ ላሉት እናትና አባቱ ደውሎ "ሁለት ሳምንት ሙሉ ባሕር ላይ ናችሁ" የሚላቸው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ሳምንት የሚባል ጉዞ የለም። ያለው የየራሱ ውል፣ የየራሱ ሒሳብና የየራሱ የመንገደኛ ዝርዝር ያለው ሁለት ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ይዘጋል፣ ሁለተኛው ከዜሮ ይከፈታል። በመካከል ያለችው የቅያሬ ቀን ሰውን ግራ የምታጋባው ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ስለማያገኝ ነው።

የሐዋሳ ሰው ነገሩን ከሐይቁ ጀልባ ያውቀዋል። አሞራ ገደል ተሳፍሮ ጉማሬ አይቶ የተመለሰ ሰው "አንድ ዙር ልድገም" ብሎ ወንበሩ ላይ ቢቀር ባለጀልባው አይቆጣም፤ ሒሳቡን ግን እንደገና ይቀበለዋል፣ ከአዲሶቹ ጋርም ይቆጥረዋል። መርከቡ ላይ በዚህ ላይ የሚጨመረው ድንበር ነው።

ድንበሩን እናስቀድም። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ እዚያው ይስተካከላል፤ ይህ ከተበላሸ ግን ጉዞው ራሱ አይኖርም። ከማያሚ፣ ከፎርት ላውደርዴል፣ ከፖርት ካናቬራል ወይም ከጋልቨስተን ተነስቶ ባሃማስን፣ ጃማይካን ወይም ሜክሲኮን ነክቶ የሚመለስ መርከብ መንገደኞቹን ከአሜሪካ አስወጥቶ መልሶ እያስገባ ነው። ስለዚህ ሁለት ክሩዝ ያከታተለ ሰው በቅያሬው ቀን አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሌላ ጊዜ ወደ አሜሪካ ይገባል። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የገባበት ሲታከል ሦስት መግቢያ ይሆናል።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የአሜሪካ ኤምባሲ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ጉዞ ቪዛ፣ የጎብኚው ጭምር፣ ለአንድ መግቢያ ብቻ የሚሆንና ሦስት ወር የሚጸና ተደርጓል። ከዚያ በፊት የወሰደ ሰው ሌላ ዓይነት ሊኖረው ይችላል፤ ደንቡም ሊለዋወጥ ይችላል። ሌላውን ከመጠየቅ በፊት ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ ማየት ይበጃል። የመግቢያ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ኤም የምትለው ፊደል ካለች ደጋግሞ መግባት ይቻላል፤ ቁጥር ካለ ያን ያህል ጊዜ ብቻ ነው። አንድ የሚል ቁጥር ይዞ የካሪቢያን ክሩዝ መያዝ፣ አንድም ይሁን ሁለት፣ ገንዘብ መጣል ነው። እንዲህ ያለው መንገደኛ ተርሚናሉ ላይ በመጀመሪያው ቀን ይመለሳል፤ መርከቡ መልሶ ሊያስገባው የማይችለውን ሰው ይዞ አይወጣም።

ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ልጃቸው የላከላቸውን ቡኪንግ፣ የተያዘላቸውን የጉዞ ምዝገባ፣ በስልካቸው ይዘው ወደ ትኬት ቢሯችን መጥተው ይህን ስነግራቸው አልዋጥ አላቸው።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ከመርከቡ ላልወርድ! ካቢኔ ውስጥ ተኝቼ ብውል ማን ገባሽ ይለኛል?"

"ቲቸር፣ እርስዎ ቢተኙም መርከቡ ገብቷል እኮ። ደግሞም ሁሉም ሰው ሳይወርድ አዲስ ሰው አይሳፈርም።"

"እና ይሄን ልጄ ሳያውቅ ነው የከፈለው?"

ልጅየው ባያውቅ አይፈረድበትም። የአሜሪካ ዜጋ ነው። ለእሱ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ለሚመለስ ክሩዝ የልደት ሰርተፊኬትና መታወቂያ ይበቃዋል፤ ፓስፖርት እንኳ የግድ አይደለም። የቪዛ ጥያቄ አእምሮው ላይ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተጋባዡ ነው፣ ያውም ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት። ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆች ይህ ጭንቀት የለባቸውም፤ ካርዱንና ፓስፖርቱን አብረው ይያዙ እንጂ።

"መርከቡስ ለምን ከአሜሪካ ይወጣል? እዚያው አካባቢ ቢያንሸራሽረን ምን ነበረበት?" የሚል ጥያቄም ይነሳል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ሰው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ ከተነሳበት ወደብ የሚመለስ ቢሆን እንኳ በመንገዱ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለበት። ትልልቆቹ የክሩዝ ኩባንያዎች ደግሞ ዋና ቢሯቸው ማያሚ ቢሆንም መርከቦቻቸውን ባሃማስ ወይም ፓናማ ነው የሚያስመዘግቡት። የቪዛችን ጣጣ ሥሩ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ይኸው ሕግ ለባክ ቱ ባክ የራሱ ወጥመድ አለው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ካናዳዋ ቫንኩቨር የሚሄድ ክሩዝ ለብቻው ሕጋዊ ነው። ከቫንኩቨር አላስካ ውስጥ ወዳለችው ሴዋርድ የሚሄደውም እንደዚያው። ሁለቱን በአንድ መርከብ ላይ ያከታተለ ሰው ግን በሕጉ ፊት ከሎስ አንጀለስ ተሳፍሮ ሴዋርድ የወረደ ነው፤ ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ በውጭ መርከብ ተጓጉዟል። በመካከል ቫንኩቨርን መንካቱ አያድነውም፣ ምክንያቱም የመነሻና የመድረሻ ወደብ ሲለያይ ሕጉ ራቅ ያለ የውጭ ወደብ ነው የሚጠይቀው። የሚገርመው፣ በሌላው ነገር ሁሉ አንዱን እረፍት ሁለት የሚያደርጉት እዚህ ላይ ሁለቱን አንድ ያደርጉታል። ቡኪንጉን ኢንተርኔቱ ዝም ብሎ ሊቀበል ይችላል፤ ኩባንያው በኋላ ደርሶበት ሲሰርዝ ነው ግርግሩ የሚመጣው።

ባለ አንድ መግቢያ ቪዛ ሰው ምንም አይቀርለትም ማለት አይደለም። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ፕራይድ ኦቭ አሜሪካ የሚባል በአሜሪካ ባንዲራ የተመዘገበ መርከብ አለው። ከሆኖሉሉ ተነስቶ የሃዋይ ደሴቶችን ብቻ ዞሮ እዚያው ስለሚመለስ ከአሜሪካ አይወጣም። ካናዳን ወይም ሜክሲኮን ብቻ ነክቶ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለስ ሰው፣ የመቆያ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ፣ የተጠቀመበትን ቪዛ እንደ ጸና የሚቆጥር ልዩ ደንብም አለ። ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለሄደ ግን ይህ የሚሠራው ኤፍ እና ጄ ቪዛ ለያዙ ተማሪዎችና የልውውጥ ተሳታፊዎች እንጂ ለተራ ጎብኚ አይደለም። ካናዳም ብትሆን የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። በዚህ ደንብ ተማምኖ ክሩዝ መያዝን እኔ አልመክርም፤ ተርሚናሉ ላይ ቆሞ ሕግ ማስረዳት ለማንም አያምርም።

አውሮፓ ላይ ነገሩ ይለሰልሳል። ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ቺቪታቬኪያ እያለ የሚዞር መርከብ በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የሼንገን አገሮች ስለማይወጣ በቅያሬው ቀን ማኅተም የሚመታ የለም። ጥንቃቄው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። መርከቡ ያው ሆኖ መንገዱ ሊቀየር ይችላል፤ ቱኒዝያን፣ ቱርክን ወይም ሞንቴኔግሮን ከነካ ከሼንገን ወጥቶ መመለስ ነው፣ ባለ አንድ መግቢያው ቪዛም እዚያ ላይ ያበቃል። እንደ ኤም ኤስ ሲና ኮስታ ያሉት ኩባንያዎች በዚህ አካባቢ በየወደቡ ሰው ያሳፍራሉ፣ በየወደቡ ያወርዳሉ። የእርስዎ የመጨረሻ ቀን ለጎረቤት ካቢን ሦስተኛ ቀኑ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መርከቡ እንደ ማያሚው በአንድ ጠዋት አይራቆትም።

ከጉዞው በፊት የሚቀረው ጥቂት ነው። ሁለቱ ቡኪንጎች የተገናኙ መሆናቸውን ኩባንያውን ማስረገጥ ያስፈልጋል፤ ካልተገናኙ መርከቡ እርስዎን እንደ ተሰናባች መንገደኛ ነው የሚያይዎት። በአንዱ የአያት ስም ገብቶ በሌላው ቀርቶ፣ ወይም "ተስፋዬ" በሁለቱ ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ሥርዓቱ ሁለት የተለያየ ሰው ያደርጋችኋል፤ ሁለቱንም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ማስተካከል ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዝ። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች የሚጠይቁ ደሴቶች አሉ። አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል።

አሁን ወደ መርከቡ እንግባ። ጉዞው ሊያልቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ካቢኑ ውስጥ፣ አልጋው ላይ ወይም በሩ ላይ፣ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ አንዳንዱ ኩባንያ በስልክ መተግበሪያው ነው የሚልከው። በቅያሬው ቀን የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዘው እንደሚሰበሰቡ የሚናገረው እሱ ነው። ሰዓቱን ልብ ይበሉ፦ 9:30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። "ዘጠኝ ሰዓት ተኩል" ብሎ ተዘናግቶ የቀረ ሰው ስሙ በመላው መርከብ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ደብዳቤው ካልመጣ መተላለፊያ ላይ ያለውን የካቢን አስተናጋጅ ሳይሆን እንግዳ መቀበያውን መጠየቅ ነው።

በመጨረሻው ምሽት ጎረቤቶች ሻንጣቸውን ባለ ቀለም ወረቀት አስረው ኮሪደሩ ላይ ይደረድራሉ። እርስዎ አያውጡ። አንዴ ከወጣ ሌሊቱን ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ ከሺህ ሻንጣዎች ጋር ጠዋት ተርሚናሉ ላይ ይገኛል።

መርከቡ ወደብ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ነው። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሻንጣቸውን ራሳቸው የሚጎትቱት ይወርዳሉ፣ ከዚያ የተቀሩት በየተራቸው። እርስዎ ቁርስዎን በእርጋታ በልተው በተባለው ሰዓት ወደ ተቀጠረው አዳራሽ ይሄዳሉ። በእጅ የሚያዘው ፓስፖርት ከነቪዛው፣ የመርከቡ ካርድ፣ ስልክና መድኃኒት ነው። ከቁርስ ገበታ ላይ የተነሳች ሙዝ ወይም ፖም ቦርሳ ውስጥ ካለች እዚያው ትበላ፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ፍራፍሬና ሥጋ ይዞ መውረድን በዋዛ አያልፍም። ሰራተኛው ስም እየጠራ ይቆጥራል፣ በቡድን ይመራችኋል፣ ኢሚግሬሽኑ ጋ ትደርሳላችሁ። እንደ ማያሚ ባሉት ወደቦች ካሜራ ፊትን አይቶ ቶሎ ያሳልፋል። ቪዛ የያዘ ሰው ግን ከመኮንን ጋር መነጋገሩ አይቀርም፤ "ተመልሼ ወደ መርከቡ ነው የምገባው፣ አገሬ የምመለሰው በዚህ ቀን ነው" የምትለውን ዓረፍተ ነገር ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ቢጽፉላችሁ አይከፋም።

ከዚያ ተርሚናሉ ውስጥ መቀመጥ ነው። የመርከቡ ሠራተኞች የሚጠብቁት አንድ ቁጥር አለ፦ ዜሮ። በመንገደኛ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወርዶ ቆጠራው ዜሮ ሲሆንና ባለሥልጣኖቹ ሲፈቅዱ ነው አዲሱ ጉዞ የሚከፈተው። አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ካቢኑ ቢቀር ተርሚናሉ ሙሉ ሰው እሱን ይጠብቃል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ቀን አለ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆንበትም አለ። መቆም የሚያደክማቸው ወላጆች ዊልቸር አስቀድመው ቢያሳውቁ ነው የሚሻለው፤ እዚያ ቀን ላይ ሲጠየቅ ዊልቸሩ ሁሉ ተሰናባቾቹን በማውረድ ተይዟል።

ለምን እንዲህ እንደሚጣደፉ ለመረዳት መጠኑን ማየት ይበቃል። ጥር 2024 እ.ኤ.አ. ከማያሚ ሥራ የጀመረው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ ሲሞላ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፤ ሠራተኛው ብቻ 2,350 ነው። ያን ያህል ሰው በጠዋት ይወርዳል፣ ያን ያህል ሰው ከሰዓት በፊት ጀምሮ ይሳፈራል። በመካከል አንሶላው ይቀየራል፣ ምግቡ በፎርክሊፍት ይገባል፣ ቆሻሻው ይወጣል፣ ነዳጁ ይሞላል፣ ኮንትራታቸው ያለቀ ሠራተኞች ሻንጣ ይዘው ወርደው አዳዲሶች ይተካሉ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋም የንጽሕና ተቆጣጣሪዎችም ሳይነግሩ የሚመጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ቀን ነው፤ ከ100 ነጥብ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል። ካቢንዎን ሁልጊዜ በፈገግታ የሚያጸዳው ልጅ ያን ዕለት ባያስተናግድዎ ቅር አይበሉ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኮሪደሩን ሙሉ ማድረስ አለበት።

ተመልሰው የሚገቡት ከአዲሶቹ ቀድመው ነው። በእኔ ግምት የባክ ቱ ባክ ምርጥ ሰዓት ይቺ ናት፦ መዋኛው ባዶ፣ ሊፍቱ ባዶ፣ ምግብ ቤቱ ገና እየተከፈተ። ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ያንሳ። ከተማውን ማየት የሚፈልግም ኢሚግሬሽን ካለፈ በኋላ ወጥቶ ከመሳፈሪያው መዝጊያ በፊት መመለስ ይችላል፤ እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው ወላጆች ግን ያለ ልጆቻቸው ይህን አልገፋፋም።

ካቢኑ ያው ከሆነ ልብሱ ከቁም ሳጥኑ አይነሳም። ከተቀየረ ሻንጣው ተሸክፎ አዲሱ የካቢን ቁጥር ተለጥፎበት እዚያው ይተዋል፣ ሠራተኛው ያሻግረዋል፤ የተንጠለጠለ የሐበሻ ልብስ ካለ ሳይታጠፍ ከነመስቀያው እንዲወስዱት መጠየቅ ይቻላል። አዲሱ ካቢን እስኪጸዳ እስከ ሰባት ሰዓት ገደማ መጠበቅ ያለ ነው።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ያ የሁለት ጉዞ ነገር ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ሒሳብ በቅያሬው ጠዋት ተዘግቶ ከተመዘገበው ክሬዲት ካርድ ላይ ይቆረጣል፣ ቲፑም አብሮ። በጥሬ ገንዘብ ያስያዙ ሰዎች ትርፉን ተቀብለው ለሁለተኛው እንደገና ያስይዛሉ። የመጠጥ ፓኬጅ ወይም ኢንተርኔት ለመጀመሪያው ብቻ ከተገዛ ያን ቀን ይቋረጣል፤ እናት "ስልኬ ዋይፋይ እምቢ አለ" ብላ ብትደውል ምክንያቱ ይህ ነው። ኩባንያው በስጦታ የሰጠው የመገበያያ ክሬዲት ካለም ብዙውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም፣ ከቅያሬው በፊት ይጨረስ።

የምግብ ማሳሰቢያም የሚመዘገበው በቡኪንግ ነው። ጾመኛ ከሆኑ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ለሁለቱም ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ሳምንት ሙሉ ያለ ሥጋና ያለ ወተት ሲያቀርብልዎ የነበረው ገበታ ሁለተኛው እሁድ ማታ ቅቤ የገባበት ሾርባ ይዞ ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ የደኅንነት ልምምዱ ይደገማል። ባለፈው ሳምንት ማድረግዎ አይቆጠርም፤ አዲስ ጉዞ ነውና። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የክሩዝ መርከብ ጣሊያን ውስጥ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ ሲገለበጥ 32 ሰው ሞተ። ያን ዕለት ቺቪታቬኪያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረግ ይበቃ ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ያስገድዳል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች አሁን በስልክ ቪዲዮ አሳይተው መሰብሰቢያ ቦታው ላይ ብቅ ብሎ ካርድ ማስነካት ይበቃል ይላሉ። ካቢን ከቀየሩ መሰብሰቢያው ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና ካርዱ ላይ ያለውን ፊደል ያረጋግጡ።

በሁለተኛው ጉዞ ማብቂያ ላይ ያኔ የተዉትን የሻንጣ ወረቀት ያስራሉ፣ ኮሪደሩም ላይ ያወጣሉ። ማያሚ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ስለማይበር በአትላንታ ወይም በዋሽንግተን በኩል ማያያዝ ያስፈልጋል። ከማያሚ የሚነሳውን አውሮፕላን ልጆቻችሁ በዚያው ቀን ከሰባት ሰዓት በፊት እንዳይዙት ንገሯቸው፤ መርከቡ በጭጋግ ቢዘገይ ወይም ኢሚግሬሽኑ ላይ ሰልፍ ቢበዛ የሚሸሹበት ሰዓት የለም። አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ያለውን የሐዋሳ በረራም በማግስቱ ቢያደርጉት ይሻላል።